ወንድምዎን ለማሳከም ከየት እንደሚጀምሩ ለጠየቁን እህታችን

ውድ እህታችን፣ ታናሽ ወንድምዎ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ እንደኖረ፣ ሰሞኑን ደግሞ «ባልኖር ይሻለኝ ነበር» ማለት እንደጀመረ ገልጸው፣ ከሱሱና ከድብርቱ የትኛውን አስቀድመው ማሳከም እንዳለብዎ ጠይቀዋል። ታላቅ ወንድሜን በዚሁ ሕመም ሳስታምም ስለኖርኩ፣ ያየሁትንና ከሐኪሞቹ የተማርኩትን እነሆ።

ከሱሱም ከድብርቱም የሚቀድመው ያ የተናገረው ቃል ነው። ዛሬውኑ፣ ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ «ራስህን ለማጥፋት ታስባለህ ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። ብዙ ቤተሰብ መጠየቁ ሐሳቡን የሚያመጣበት እየመሰለው ይሸሻል፤ ጥናቶች ግን መጠየቅ አደጋውን እንደማይጨምር ያሳያሉ፤ ወንድሜም ሲጠየቅ ያለቀሰው በእፎይታ ነበር። እንዴትና መቼ እንደሚያደርገው ካሰበ፣ ወይም ማድረጊያውን ካዘጋጀ፣ ለሌላ ቀን ቀጠሮ መያዝ አይበቃም፤ ለአፍታም ብቻውን ሳይተዉት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። በቤት ያለውን መድኃኒት፣ የተባይ ማጥፊያና የጦር መሣሪያ ሁሉ ያርቁ። እኛ የእናታችንን የደም ግፊት ክኒን ሳይቀር ዘመድ ቤት አስቀምጠን የዕለቱን ብቻ እናመጣ ነበር። ነገሩ የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ራስን የማጥፋት ስሜት እጅግ የሚበረታበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አጭር በመሆኑ፣ በዚያ ሰዓት ማድረጊያው በእጅ አለመገኘቱ ሕይወት ያተርፋል።

ቀጥሎ፣ «ወንድ ከሆነ ዛሬውኑ ያቁም» የሚሉትን አይስሙ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ አልኮሉን የለመደው አእምሮ ከመጠን በላይ ይነቃቃል፤ በሰዓታት ውስጥ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊከሰት ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ትኩሳት፣ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተሉ፣ ካልታከሙም ሊገድሉ ይችላሉ። ወንድሜ አንዲት ብርጭቆ ውኃ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከአፉ ሳትደርስ ግማሹ ደረቱ ላይ ሲፈስ አይቻለሁ። ሐኪሞቹ መንቀጥቀጡን የሚያረጋጋ መድኃኒት ሁኔታውን እያዩ መጠኑን በመቀነስ ሰጡት፤ ብዙ ጠጪዎች የሚያጥራቸውን ቫይታሚን ቢ1ም ጨመሩለት። ስለዚህ ወንድምዎን ክፍል ዘግተው «እናስተወው» እንዳትሉ አደራ እላለሁ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ሁለቱ አብረው ይታከማሉ። መጠጡ ራሱ ድብርትን ስለሚያመጣና ስለሚያባብስ፣ ወንድምዎ መጠጡን ካቆመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐኪሙ እንደገና ሊመረምረው ይፈልግ ይሆናል፤ ይህ ትክክል ነው። «መጀመሪያ መጠጡን ትተህ ና» ብሎ የሚመልስ ካጋጠመዎ ግን ሌላ ሐኪም ይፈልጉ። የድብርት መድኃኒት ከተጀመረም ለውጡ ለመታየት ሳምንታት ስለሚፈልግ፣ «አልሠራም» ብሎ በራሱ እንዳያቋርጠው ይከታተሉት።

የአእምሮ ሐኪም በቅርብ ባይኖር ከጠቅላላ ሐኪም ወይም ከጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው ፕሮግራም ስፔሻሊስት ያልሆኑ ባለሙያዎችም ድብርትን፣ የአልኮል ችግርንና ራስን የማጥፋት አደጋን እንዲያክሙ የሚሠለጥኑበት መመሪያ አለ። ሲሄዱ ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ የጠጣበትን ሰዓት፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንፈራግጦ እንደሆነና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ ሁሉን ማስታወስ ከባድ ነው። ማገገሚያ ማዕከል ከመረጡ፣ ሐኪም መኖሩን፣ ቤተሰብ መጠየቅ መቻሉንና ከወጣ በኋላ ክትትል መኖሩን አጣሩ። ማሰርና መምታት ያለበት ቦታ፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ ሕክምና አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ መጠጥ መተው የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት፣ በነፃ የሚሰበሰብ፣ በኢንተርኔትም የሚገኝ ኅብረት ነው፤ ለቤተሰብ ደግሞ አል አኖን አለ። አስታማሚ ሲደክም ቁጣው በታማሚው ላይ ስለሚያርፍ፣ እርስዎም ቢገቡበት እመክራለሁ።

ቢያገረሽበት ወዲያው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በዚህ ሕመም ማገርሸት የተለመደ ነው፣ ሕክምናው ይስተካከላል እንጂ አይቋረጥም። ዛሬ ማታ ግን ምንም ቢል ብቻውን አያሳድሩት።