ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ለምትሄዱ፦ ጥያቄና መልስ ከሲስተር ጋር

ሰላም ለሁላችሁ። ኅዳር ገብቷል፣ ሚኒሶታ መንገዱ በረዶ ይዟል፣ ግማሹ ሰው ሻንጣ እየመዘነ ነው። የተጓዦች ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ለዘመድ ጥየቃ የሚሄዱትን የእኛን ሰዎች በዚህ ሰሞን አያቸዋለሁ፤ ከጥር በኋላ ደግሞ ታመው የተመለሱትን። ጠይቁኝ። ግን ከተማውን፣ ወሩንና የልጆቹን ዕድሜ ጻፉ። «ኢትዮጵያ ልሄድ ነው፣ ምን ላድርግ» ብቻ ከሆነ መመለስ አልችልም።

ቤቲ፦ ሲስተር፣ ተወልጄ ያደግኩት አርባ ምንጭ ነው። ልጅ ሆኜ ወባ ስንቴ እንደያዘኝ አላስታውስም። አሜሪካ ከመጣሁ 14 ዓመት ሆነኝ። በታኅሣሥ ከልጆቼ ጋር (6 እና 10) እናቴ ጋ ልከርም ነው። ለልጆቹ መድኃኒት እይዛለሁ። ለእኔም ያስፈልጋል እንዴ? ሰውነቴ ለምዶታል መሰለኝ።

ሲስተር፦ ቤቲዬ፣ ይህን ጥያቄ ስላነሳሽው ደስ ብሎኛል፤ በጣም የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ለምዶት ነበር፣ አሁን ግን የለም። ቆላ ያደገ ሰው ወባን የሚቋቋመው በየጊዜው ስለሚነከስና ስለሚያዝ ነው። ከዚያ ወጥቶ ዓመታት ሲቆጠሩ ያ መከላከያ እየሟሸሸ ይሄዳል። ከ14 ዓመት በኋላ በእሱ መተማመን አትችዪም። ከውጭ አገር ሄደው በወባ ከሚታመሙት ብዙዎቹ ለሽርሽር የሄዱ ቱሪስቶች ሳይሆኑ እንዳንቺ ቤተሰብ ለመጠየቅ የሄዱ ናቸው። ቱሪስቱ ፈርቶ ኪኒኑን ይውጣል፣ ሆቴል ያድራል። የእኛ ሰው «አገሬ ነው» ብሎ እናቱ ቤት፣ ያለ አጎበር፣ ማታ ደጅ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል፣ የወባ ትንኝ ደግሞ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር አይሞላም። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲቋጥር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ ይበረታል። እናንተ የምትደርሱት በዚያው ወቅት ነው። በፈረንጅ 2024 ደግሞ አገሪቱ ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ አሥር ወራት ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል።

ስለዚህ ሦስታችሁም ትወስዳላችሁ። ማላሮን የሚባለው የወባ መከላከያ ኪኒን ከሆነ ከመግባታችሁ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በፊት ይጀመራል፣ በየቀኑ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፣ ከቆላው ከወጣችሁ በኋላም 7 ቀን ይቀጥላል። ለልጆች የሚታዘዘው በኪሎ ነው፣ መዝነሻቸው ሂጂ። ሌላው ኪኒን ዶክሲሳይክሊን ርካሽ ነው፣ ግን ከ8 ዓመት በታች አይሰጥም፣ ስለዚህ ለትንሹ አይሆንም። ደግሞ ከተመለሳችሁ በኋላ 4 ሳምንት ይወሰዳል፣ ሰው የሚያቋርጠውም እዚያ ላይ ነው። እቤት ገብቼ፣ በረዶ ላይ ቆሜ የምን የወባ ኪኒን ይላል። ወባን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ግን መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይቆያል፣ ወደ ደም የሚወጣው በኋላ ነው። አታቋርጡ። መድኃኒቱን እዚሁ ገዝታችሁ ያዙ፣ እዚያ እገዛለሁ አትበሉ። አጎበርም ያዙ፣ ለእናትሽም ጭምር።

አቤል፦ እኔ አዲስ አበባ ብቻ ነኝ። ያስፈልገኛል?

ሲስተር፦ አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ አያስፈልግህም፤ ከተማው 2,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ ወባ የለበትም። ግን እውነቱን ንገረኝ፣ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ብቻ የሚቀመጥ ማን ነው? የአክስት ልጅ መኪና ይዞ ይመጣና ሶደሬ ወይም ላንጋኖ እንደር ይላል። ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ልታድር የምትችል ከሆነ አዲስ አበባ ብቻ ነኝ አትበል። እዚህ ያሉ የጤና ባለሥልጣናት መድኃኒት የሚመክሩት ከአዲስ አበባ በቀር ከ2,500 ሜትር በታች ላለው ቦታ ሁሉ ነው።

ዳኒ 612፦ ሻንጣ ስንት ኪሎ ነው የሚፈቀደው? ዶላሩንስ የት ብመነዝር ይሻላል?

ሲስተር፦ አየር መንገዱን ጠይቅ። ባንክ ጠይቅ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ እኔ 71 ዓመቴ ነው። ደም ግፊትና ስኳር አለብኝ። ደብረ ብርሃን እኅቴ ጋ እስከ ጥምቀት ልቆይ ነው። የወባው ነገር ይመለከተኛል?

ሲስተር፦ ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ወባ አያሰጋዎትም። የእርስዎ ነገር ሌላ ነው። መድኃኒትዎን በሙሉ በእጅ ቦርሳ ይያዙ፣ በሻንጣ አይላኩት፣ ከሚቆዩበት ጊዜ ትርፍ አድርገው ይያዙ፣ የሐኪምዎን ወረቀትም እንዲሁ። ኢንሱሊን ከሆነ ሻንጣ ውስጥ በረዶ ሆኖ ሊበላሽ ስለሚችል ጭራሽ አይላክም። ከፍታው መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይረፉ፣ ደረጃና ዳገት ይቆይዎት። በረራው ላይ በየሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ። ልብስም ይያዙ። ሰው ሞቃት አገር እሄዳለሁ ብሎ ጃኬቱን ጥሎ ይሄዳል፣ የታኅሣሥ ሌሊት ደብረ ብርሃን ውርጭ ነው፣ ቤቱም ማሞቂያ የለውም።

ሚሚ፦ ሐዋሳ ለ10 ቀን። መድኃኒት ያስፈልጋል?

ሲስተር፦ ያስፈልጋል። ለአቤል የመለስኩትን አንብቢ።

የወሎ ልጅ፦ ይቅርታ ሲስተር፣ ግን ይሄ ሁሉ ኪኒን ለምን? እኛ ያደግነው በፌጦና በነጭ ሽንኩርት ነው። አያቴ ፌጦውን በሎሚ ለውሳ ትሰጠናለች፣ በማግስቱ ተነስተን ከብት እንጠብቃለን።

ሰላም ነኝ፦ የእኔም እናት እንደዚያ ነበር። ግን ታናሽ ወንድሜን በዚያው አጥተነዋል። ፌጦ ሲሰጠው ሰንብቶ ጤና ጣቢያ የደረሰው መናገር ካቃተው በኋላ ነው።

የወሎ ልጅ፦ ነፍስ ይማር እህቴ። እኔ ፌጦ ሐኪም ነው አላልኩም፣ አባቶቻችን ያለ ነገር አልተጠቀሙበትም ነው ያልኩት።

ሲስተር፦ ሰላምዬ፣ ነፍስ ይማር። የወሎ ልጅ፣ አያትህን አከብራለሁ፣ በጊዜው የነበራቸውን ሰጥተዋችኋል። ግን እነዚያ የተነሱት ልጆች ሰውነታቸው ወባን የለመደ ነበር፣ ያልተነሱትም ነበሩ። የአንተ ልጆች እዚህ ተወልደው አንድም ቀን በወባ ትንኝ ተነክሰው አያውቁም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ሳይታከም ከቆየ በቀናት ውስጥ አንጎልና ኩላሊት ይደርሳል። ፌጦውን ብሉ፣ አልከለክልም። ትኩሳት ከመጣ ግን በዚያው ቀን የደም ምርመራ። ነገ ይሻለው ይሆናል አይባልም። በዚያው ቀን።

ቅድስት ሀ፦ ገናን ጨምሬ ቲኬት ልቁረጥ ወይስ ለፈረንጅ ገና ልድረስ? ለፈረንጁ ይረክሳል የሚሉ አሉ።

አቤል፦ ለፈረንጅ ገና ሄደሽ ምን ልትበዪ? እስከ ታኅሣሥ 28 እኮ የነቢያት ጾም ነው። እናትሽ ሽሮ ይዛ ትጠብቅሻለች።

ቅድስት ሀ፦ እኔም እጾማለሁ፣ ችግሩ ምንድን ነው? የእናቴን የጾም በያይነቱ ናፍቄ ነው የምሄደው።

ዳኒ 612፦ ጥምቀት ዘንድሮ 19 ነው 20? ባለፈው ተሳስቼ ከተራ አምልጦኛል።

አቤል፦ ጥር 11 አይንቀሳቀስም። በፈረንጅ 19 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ማግስት በሚመጣው ዓመት ግን 20 ይውላል፣ እንደ 2024ቱ። ገና በሁለቱም ጃንዋሪ 7 ነው።

ሲስተር፦ ስለ ቲኬት ሌላ ቦታ ተነጋገሩ። ግን ጥምቀትን ካነሳችሁ፣ ጎንደር የፋሲል መዋኛ የምትሄዱ፣ ከዚያ ባሕር ዳርን ልያት የምትሉ፣ ሁለቱም ከ2,500 ሜትር በታች ናቸው። ጎንደር ደጋ ነው ብላችሁ አትለፉት። መድኃኒት፣ አጎበር፣ ማታ እጅጌው ረዥም ልብስ።

ሕይወት፦ የ5 ወር እርጉዝ ነኝ። ባለቤቴ ጋምቤላ ቤተሰቦቹን ላሳይሽ ይላል።

ሲስተር፦ አይሆንም። ቤተሰቦቹ አዲስ አበባ ይምጡና ይዩሽ። ማላሮንም ዶክሲሳይክሊንም ለእርጉዝ አይታዘዙም፣ ሜፍሎኩዊን የሚባል አለ፣ እሱን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት። ግን ምርጫ ካለሽ አትሂጂ። ወባ እርጉዝ ላይ ይከብዳል፣ ጽንሱንም ይጎዳል። ለባለቤትሽ ይህን አሳዪው።

ሚሚ፦ ሲስተር የቢጫ ወባ ክትባት ከወሰድኩ ኪኒኑ ይቀርልኛል አይደል?

ሲስተር፦ አይቀርም ሚሚ። ቢጫ ወባ ሌላ በሽታ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተቀራረበው። የእሱ ክትባት ከወባ አያድንም። ቀጥታ ከአሜሪካ ለሚገባ ሰው መግቢያ ላይ ወረቀቱን አይጠይቁም፣ ቢጫ ወባ ካለበት አገር ለሚገባ ግን ይጠየቃል። የታይፎይድና የሄፓታይተስ ኤ ክትባትም አስቡበት።

ናቲ፦ ጥሬ ሥጋስ?

ሲስተር፦ ኮሶ አለበት። የበሰለ ብላ።

ፍሬ፦ ኢትዮጵያ ልሄድ ነው ከቤተሰብ ጋር፣ ምን ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ ከተማ፣ ወር፣ የልጆች ዕድሜ። መጀመሪያ ላይ ጽፌያለሁ።

ብሩክ፦ ሲስተር ይቅርታ፣ ወንድሜ ድሬዳዋ ሠርግ ነበረው፣ ከተመለሰ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ከዚያ ያልበውና ይተወዋል። ጉንፋን ነው ብሎ ታይሌኖል እየወሰደ ነው። ኪኒን አልወሰደም፣ ድሬዳዋ ከተማ ስለሆነ ወባ የለም ብለውት።

ሲስተር፦ ብሩክ፣ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰደው። ነገ ጠዋት አትበል። በር ላይ የመጀመሪያው ቃልህ «ከኢትዮጵያ የተመለሰ ነው፣ የወባ ምርመራ ይደረግለት» ይሁን። ካልነገርካቸው ጉንፋን ነው ብለው ሊመልሱት ይችላሉ፤ እዚህ ወባ አይተው የማያውቁ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ምርመራ ወባ የለም ቢል እንኳ በ12 ወይም በ24 ሰዓት ይደገም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተመርምሮ አይለቀቅም። ድሬዳዋን በተመለከተ ደግሞ የተነገራችሁ ስህተት ነው። የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ አዲስ የወባ ትንኝ ኢትዮጵያ ውስጥ በፈረንጅ 2016 ተገኝታለች፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችውም እሷ ናት። ከተማ ማለት መጠለያ ማለት አይደለም።

ብሩክ፦ እየሄድን ነው።

ቤቲ፦ ብሩክ በሰላም ያግባችሁ። እኔም ዛሬ ለሦስታችንም ቀጠሮ ይዣለሁ።

ብሩክ፦ ወባ ነው አሉ። ፋልሲፓረም። አስተኝተውታል፣ መድኃኒት ተጀምሯል። ሐኪሙ በጊዜ መጣችሁ አለን። ሚስቱና ልጁ አብረውት ነበሩ፣ ደህና ናቸው።

ሲስተር፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ሚስቱና ልጁ ዛሬ ደህና ቢሆኑም አልጨረሱም። በሚቀጥሉት ወራት፣ እስከ ዓመት ድረስ፣ ማናቸውም ካተኮሳቸው ያው እንዳንተ በዚያው ቀን ይሂዱ፣ ያንኑ ቃል ይናገሩ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል፣ ለእሱ የሚሰጠው ሌላ መድኃኒት ነው፣ ከመሰጠቱ በፊትም የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ወንድምህ ሲወጣ የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ተቀበልና ለቤተሰብ ሐኪሙ ስጥ።

ሌሎቻችሁ ነገ ማታ እመለሳለሁ። ፍሬ፣ ከተማውን ጻፊልኝ።