ኮምፒውተር የሌለው የኮምፒውተር ክፍል

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ገጠር ነው የማስተምረው፣ የ6ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ነኝ፣ ዘንድሮ ግን አይሲቲም ደርቢ ተባልኩ። የነበሩት ሁለት ኮምፒውተሮች ከተበላሹ ቆዩ፣ መብራቱም የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። 58 ልጅ ፊት ቆሜ ኪቦርድና ማውዝ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ስማቸውን አስሸመድዳለሁ፣ እኔም እነሱም ሰልችቶናል። ምን ላርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ኪቦርድ ከሰሌዳው አጥፊው። ማውዝ ልጁ ያገኘው ቀን በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል፣ ፈተና ላይ ይመጣል ካልሽ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል።

በ1990ዎቹ (በፈረንጅ) ኒውዚላንድ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቲም ቤል ከባልደረቦቹ ጋር ኮምፒውተር ሳይንስን በካርድ፣ በገመድና በጠመኔ ማስተማር ጀመረ፣ ዛሬ ብዙ አገር ይሰራበታል። ካርድ ከሌለሽ ቆርኪ አለ አይደል፣ 36 ሰብስቢ።

አንድ ልጅ 25ቱን አምስት በአምስት ይደርድር፣ ከፊሉን በፊቱ ከፊሉን በጀርባው፣ እንዳሻው። አንቺ "ትንሽ ላክብደው" ብለሽ በየረድፉ ጫፍና በየአምዱ ግርጌ አንዳንድ ቆርኪ ጨምሪ፣ ጥጓ ላይም አንድ። ሚስጥሩ እዚህ ጋ ነው፣ ስትጨምሪ በእያንዳንዱ ረድፍና አምድ በፊታቸው የተቀመጡት ብዛት ተጋማሽ እንዲሆን ነው የምታደርጊው (ዜሮም ተጋማሽ ነው)። ከዛ ፊትሽን አዙሪ፣ አንድ ልጅ አንዷን ብቻ ይገልብጥ። ስትዞሪ አንድ ረድፍና አንድ አምድ ጎዶሎ ሆነው ታገኛለሽ፣ የሚገናኙበት ላይ ያለችው ናት። ጠንቋይ ናት ይሉሻል! ሚስጥሩን ቶሎ እንዳትነግሪያቸው በናትሽ፣ ሁለት ሶስቴ ድገሚውና ራሳቸው ይድረሱበት።

ሲገባቸው ወደ ስልክ አምጪው፣ ፎቶ ሲላክ የሚሄደው 0 እና 1 ነው፣ መንገድ ላይ አንዷ ብትበላሽ ተቀባዩ የሚያውቀው እንደዚህ ተጨማሪ ምልክት አብሮ ስለሚላክለት ነው። የብስኩት ማሸጊያ ላይ ያለው ባርኮድም የመጨረሻዋ ቁጥሩ ለዚሁ ማጣሪያ የተቀመጠች ናት።

0 እና 1 ምንድነው ካሉሽ ስድስት ልጅ አሰልፊ፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 የተጻፈበት ወረቀት ይያዙ፣ የቆመ 1 ነው ይቆጠራል፣ የተቀመጠ 0 ነው አይቆጠርም። እስከ 63 ስለሚደርስ የሁሉም ሮል ነምበር ይወጣል፣ የመጨረሻው ልጅ 58 ከሆነ 32፣ 16፣ 8 እና 2 የያዙት ይቆማሉ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ተዘጋጂበት፣ የሆነ ተንኮለኛ ሁለት ቆርኪ መገልበጡ አይቀርም። ያኔ የሆነ ነገር እንደተነካ ታውቂያለሽ የቶቹ እንደሆኑ ግን በርግጠኝነት መናገር አትችይም፣ እንዳትደነግጪ፣ ለምን እንደጠፋብሽ እነሱኑ ጠይቂያቸው።