ዛፍ ሥር ቁጭ ማለት ስንፍና ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሐዋሳ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት እዘምራለሁ፤ የመዝሙር ግጥምም እሞካክራለሁ። ግጥሙ የሚመጣልኝ ግን ከሥራ ወጥቼ ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ሥር ብቻዬን ስቀመጥ ነው። እናቴ «እዚያ ከምትጎለቺ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ብትጸልዪ አይሻልም?» ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ በዛፍና በአበባ መመሰጥ ባዕድ አምልኮ ነው አለችኝ። ግራ ገባኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጓደኛሽ ልጀምር፤ የእሷ ቀላል ነው። ዛፉን ቅቤ ቀብተሽ ከተሳልሽለት፣ አዎ፣ ባዕድ አምልኮ ነው። አይተሽው ፈጣሪውን ካመሰገንሽ ግን ምን ነውር አለው? ጌታችን ራሱ የሜዳ አበቦችን ልብ ብለን እንድናይ ነግሮናል። ልብ ማለት ደግሞ እየተጣደፉ አይሆንም። ቤተ ክርስቲያናችንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው የ40 ቀን የጽጌ ወቅት ጌታን በአበባ እየመሰለች ማኅሌተ ጽጌ የተባለውን የሌሊት ምስጋና ትቆማለች። አበባ ማየት ኃጢአት ቢሆን ሊቃውንቱ ያን ሁሉ ሌሊት ባልቆሙ።

ስለ ግጥምሽ ግን ቅዱስ ያሬድን አስቢው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አክሱም። ትምህርት አልገባ ብሎት አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን ቢገርፈው ጠፍቶ ሄደ። ማይ ኪራሕ ላይ አንድ ዛፍ ሥር አረፈ። እዚያ አንድ ትል ፍሬ ለመብላት ሲወጣ፣ ሲወድቅ፣ ደግሞ ሲወጣ፣ በመጨረሻ ሲደርስ አየ። ይህን ታሪክ ስናነሣ ሁልጊዜ የትሉን ትዕግሥት እንሰብካለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ልጁ ነው። ተገርፎ፣ አፍሮ፣ ተሰዶ፣ ትል የሚያይበት ልብ ነበረው! በአለንጋ ያልገባው ነገር በዝምታ ገባው። ኋላም ዜማውን ያሰሙት ከኤዶም ገነት የመጡ ሦስት ወፎች እንደሆኑ ገድሉ ይነግረናል። እንግዲህ ሦስቱ የያሬድ ዜማዎች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ አትክልት ቦታ ያውቃሉ ማለት ነው።

ታዲያ ያሬድ ከዛፉ ሥር ተነሥቷል። ወደ አጎቱ ተመልሶ ይቅርታ ጠይቆ ተማረ። እናትሽ እውነት ያላት እዚህ ላይ ነው። ቅዳሴ አስቀርቶ ሐይቅ ዳር የሚያስቀምጥ ተመስጦ ካለ፣ እሱ ተመስጦ ሳይሆን ሽርሽር ነው። ደብተር ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ግጥምም ያው የተቀበረ መክሊት ነው። ለመዝሙር ክፍሉ አሳዪው። ይተቹታል፤ ይተቹት።

ቦታ ከጠየቅሽኝ፣ እሑድ አመሻሽ ፍቅር ሐይቅ አትሂጂ፤ የሕዝቡ ጫጫታ እንኳን ለግጥም ለወሬም አይመችም። አሞራ ገደልም ቢሆን ጦጣዎቹ ምሳሽን እያዩ አያስመስጡሽም። የቤተ ክርስቲያን አጸድ ይሻልሻል። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሰው ሲበተን አንድ ግማሽ ሰዓት ቆዪ። ስልክሽን አጥፊው። ድምፁን መቀነስ አልወጣኝም፤ አጥፊው። አንድ መዝሙረ ዳዊት ድገሚ፤ ከዚያ ዝም በይ። ግጥም ባይመጣ አትቆጪ።

ደግሞ ማየት ብቻ አይበቃም። አዳም በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው ይላል ኦሪት ዘፍጥረት 2፥15። ግቢ ከሌለሽ በቆርቆሮ ጤና አዳም ትከዪ። ውኃ ማጠጣት የረሳሽ ቀን ቅጠሉ ይነግርሻል። እኔ የተከልኳት ጽጌረዳ ሁለት ጊዜ ደርቃብኛለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰበብ ያደረግሁት ፀሐዩን ነበር።

እናትሽን ግን አትከራከሪያት። አንድ ቀን ይዘሻት ሂጂ፤ አጠገብሽ ትቀመጥ። ጋቢዋን እንዳትረሳ ብቻ፤ ሲመሽ የሐይቁ ንፋስ ይበርዳል።