ቆሎ እንቢ ያለው ልጅ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ክብደቱ በጣም ጨምሯል፤ መስከረም ላይ የተሰፋለት ዩኒፎርም በታኅሣሥ ጠበበው። በሰርቪስ ሄዶ በሰርቪስ ይመለሳል፣ ከዚያ ቴሌቪዥን ነው። ሰሞኑን ደግሞ የታች መንጋጋው ተቦርቡሮ አየሁ። በአንድ በኩል ብቻ ያኝካል፣ ቆሎ እንቢ ብሏል። አያቱ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል። ልጁም አምሮበታል፣ ተይው» ይላሉ። ጥርሱን የጎዳው ውፍረቱ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ውፍረት ጥርስ አይበሳም። ከስተው ጥርሳቸው ያለቀ ልጆችም ወደ እኔ ይመጣሉ። ግን ሁለቱ ችግሮች ብዙ ጊዜ የሚገዙት ከአንድ ሱቅ ነው።

ልጅዎ ከሰርቪስ ወርዶ ደረጃውን ሲወጣ እጁ ላይ ምን ይዟል? እኔ ይህን የምጠይቀው ልጆቹን ራሳቸውን ነው። እናታቸው ፊት ትንሽ ያፍራሉ እንጂ አይዋሹም። ለስላሳ፣ የታሸገ ጁስ፣ ክሬም ብስኩት ይሉኛል። 300 ሚሊ ሊትር መደበኛ ኮላ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ወደ 7 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ ከማርና ከጁስ የሚገኘውም ጭምር፣ በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች ይሁን ብሏል። 5 በመቶው ለልጅዎ ዕድሜ 20 ግራም ገደማ ነው። ጠርሙሷ ብቻዋን አለፈችው።

ሰውነት የሚቆጥረው መጠኑን ነው። ጥርስ ግን ስንት ጊዜ እንደቀመሰ ነው የሚቆጥረው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይሩታል፤ ምራቅ ያንን አሲድ ለማርገብ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ልጁ ካርቱን እያየ ጠርሙሷን ሁለት ሰዓት ከጠባት ምራቁ ፋታ አያገኝም። ከምሳ ጋር አንዴ ቢጨርሳት ለጥርሱ ይሻል ነበር፤ ለክብደቱ ግን ያው ናት።

ቆሎውን እንቢ ማለቱ ያሳስበኛል። ጥርሱን የሚያመው ልጅ ቆሎና ካሮት ትቶ አፍ ውስጥ ወደሚሟሟው ብስኩት ይሄዳል። ብስኩቱ ክብደቱንም ቀዳዳውንም ይጨምራል። ስለዚህ ጥርሱ ይቅደም፤ በዚህ ሳምንት ያሳዩት።

አያቱ ልክ ላይሆኑ ይችላሉ። ከፊት መሃል ጀምረው ወደ ኋላ ጥርሶቹን ይቁጠሩ። የተቦረቦረው ስድስተኛው ከሆነ የወተት ጥርስ አይደለም። 6 ዓመት አካባቢ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ከኋላ ብቅ ይላል፤ ብዙ ወላጅ ሳያውቀው ያልፋል። ያ ጥርስ ከሄደ ምትክ የለውም። አራተኛው ወይም አምስተኛው ቢሆንም እስኪወድቅ ገና ዓመታት አሉት፤ ዓመታት ሙሉ ሊያመው ነው?

ለክብደቱ ብለው አያስርቡት፣ እያደገ ነው። ጤና ጣቢያ ቁመቱንና ክብደቱን ያስለኩ። ለስላሳው በውኃ ይተካ፤ ከሰርቪስ ሲወርድም ቤት ሳይገባ ግቢው ውስጥ ኳስ ይጫወት። ማታ ማታ ጥርሱን እርስዎ ይቦርሹለት፤ የጫማውን ክር በቅጡ የማያስር ልጅ መንጋጋውን ያጸዳል ብለው አይመኑ። ፍሎራይድ ያለው ሳሙና አተር የምታህል ትበቃለች። ይትፋው እንጂ በውኃ ደጋግሞ አይጉመጥመጥ።

ሐኪም ጋ ሲወስዱት አያቱንም ይዘዋቸው ይሂዱ። ሻዩ ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚገባ የሚያውቁት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።