«እስካሁን ምን ሆነ?» ለምትሉ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ጄንጋ ስትጫወቱ ማየት ደስ ይለኛል። እዚህ ሀዋሳ ሐይቁ አካባቢ ካሉት ካፌዎች አንዳንዶቹ ማኪያቶ እስኪደርስ ጨዋታውን ያመጡላችኋል። ስልኩ ኪስ ይገባል። አራት አምስት ሰው አንዲት የእንጨት ማማ ላይ ያፈጣል። አንዱ ጣቱን ሲዘረጋ ሌላው ትንፋሹን ይይዛል። በዚህ ጊዜ ወጣት ሰው አንድ ነገር ላይ ዓይኑን ተክሎ ሲቆይ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ የምጽፍላችሁ ጨዋታውን ለመንቀፍ አይደለም። ተጫወቱ። ታናናሾቻችሁንም አጫውቱ። ገበጣ መቁጠርን እንደሚያስተምር ሁሉ ይሄኛው ደግሞ እጅን ያስተምራል፤ ትዕግሥትንም።

እኔ የስትራክቸር መሃንዲስ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሳይት ላይ ነው። ኮሎን (ምሰሶ) ሲታሰር፣ ሶሌታ (የፎቅ ወለል) ሲሞላ ቆሜ አይቻለሁ፤ አብዛኛውን እዚሁ ሀዋሳና ዙሪያዋ። በሥራዬ እጅግ የምፈራት አንዲት አባባል አለች። ከህንጻ ባለቤት ሰምቻታለሁ። ከፎርማን ሰምቻታለሁ። ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ልጅም ሰምቻታለሁ። «እስካሁን ምን ሆነ?» ትላለች። ይህ አባባል ለምን እንደሚያስፈራኝ ለማስረዳት ከጄንጋ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። 54 እንጨቶች አሉ። ሦስት ሦስት ሆነው፣ አንዱ ድርድር በሌላው ላይ እየተጋደመ፣ 18 ድርድር ይሆናሉ። ተራ የደረሰው ሰው በአንድ እጁ ከታች አንድ እንጨት ያወጣና ከላይ ያስቀምጣል። ያፈረሰ ይሸነፋል። ጨዋታውን ያወጣችው ሌስሊ ስኮት ትባላለች። ታንዛኒያ ተወልዳ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ያደገች እንግሊዛዊት ናት። ቤተሰቧ ጋና ይኖር በነበረ ጊዜ በመሰንጠቂያ ቤት እንጨት ይጫወቱት የነበረውን ነው እ.ኤ.አ. በ1983 ለንደን ወስዳ ለገበያ ያቀረበችው። ከሩቅ የመጣ የሚመስለን ጨዋታ የተወለደው እዚሁ አህጉራችን ላይ ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

አሁን እንጨቶቹን በጣታችሁ ነካ ነካ አድርጓቸው። አንዱ ይንሸራተታል። አጠገቡ ያለው ንቅንቅ አይልም። ለምን? እንጨቶቹ በውፍረት ጥቂት ይለያያሉ። ወፈር ያለው ከላይ ያለውን ሸክም ይይዛል። ሳሳ ያለው በሁለት ወፍራሞች መሃል ምንም ሳይሸከም ተቀምጧል። ጎበዝ ተጫዋች የሚፈልገው ይህን ያልተሸከመውን ነው። ግን አንድ እንጨት በወጣ ቁጥር ሸክሙ ቦታ ይቀይራል። ከጥቂት ዙር በፊት ልቅ የነበረው አሁን ሙሉውን ማማ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅድም የነካችሁትን አሁን እንደገና ሳትነኩት አትጎትቱ። መዋቅር የሚባለውን ነገር ለሚማር ልጅ ይህ ጥሩ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ሸክም አንድ ቦታ ከጠፋ ሌላ ቦታ ሄዷል ማለት ነው።

ሌላም ልብ የምትሉት ነገር አለ። ማማው ይረዝማል እንጂ እንጨት አይጨመርለትም። ሲጀመር 54፣ ሲያልቅም 54። በሰፊው የሚጠቀሰውን የከፍታ ክብረ ወሰን እ.ኤ.አ. በ1985 የያዘው ሮበርት ግሬብለር የተባለ ሰው ነው። 40 ሙሉ ድርድር፣ ከዚያ በላይ ሁለት እንጨት። ሂሳቡን ሥሩት። 40 ድርድር ሳይጎድል ለመቆም 120 እንጨት ይፈልጋል። የነበረው ግን 54 ብቻ ነው። ከሩቅ ላየው ያስደንቃል። ቀረብ ብሎ ለሚቆጥረው ግን አብዛኛው ድርድር ላይ የቀረው አንድ የመሃል እንጨት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሦስተኛው እንጨት ሲወጣ ማማው አልወደቀም። አሥረኛው ሲወጣም አልወደቀም። በየዙሩ ጠረጴዛውን የከበበው ሰው እየደፈረ ይሄዳል። ያኛው ምንም አላደረገውም፤ ይሄኛውም ምንም አያደርገውም ይላል። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። ማማው አለመውደቁ ጥንካሬውን አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አለመውደቁን ብቻ ነው። እንዲያውም በየዙሩ እየደከመ፣ በየዙሩ ደግሞ በእሱ ላይ ያለን መተማመን እየጨመረ ይሄዳል። ማማው በጣም ሲደክም እኛ በጣም ተማምነናል። በሥራዬ ያየሁት አደገኛ ነገር ሁሉ መልኩ ይሄ ነው።

ከሳይት አንድ ነገር ላሳያችሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ። ኮሎን ውስጥ ቋሚ ፌሮዎች፣ ማለትም የቆሙ ብረቶች፣ አሉ። እነሱን ዙሪያቸውን የሚያስራቸው ብረት ስታፋ ይባላል። የስታፋው ጫፍ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮንክሪቱ ውስጥ መግባት አለበት። ፌራዮው፣ ብረት አሳሪው ማለቴ ነው፣ 90 ዲግሪ ላይ ቢያቆመው ሥራው ይፈጥንለታል፤ ለማሰርም ይቀለዋል። ርቀቱም እንዲሁ ነው። ኮሎኑ ከቢም (ከአግዳሚው ተሸካሚ) ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ዲዛይኑ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይበል እንበል። በየ20 ቢያስሩት የስታፋው ብረት በግማሽ ይቀንሳል። ፌሮ በተወደደበት ጊዜ ይህ ለባለቤቱ ጥሩ ወሬ ነው።

ህንጻው ይቆማል ወይ? ይቆማል። የራሱን ክብደት ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ለማውረድ ያን ያህል ስታፋ አይፈልግም። ቀለም ይቀባል። ተከራይ ይገባበታል። ዓመታት ያልፋሉ። ባለቤቱ ሁለተኛውን ህንጻ ሲጀምር ለመሃንዲሱ ያንን አባባል ይነግረዋል። «ያኛውም እንደዚሁ ነው የተሠራው። እስካሁን ምን ሆነ?»

ስታፋው ግን ለተራ ቀን የተቀመጠ አይደለም። መሬት ወደ ጎን ስትወዛወዝ የኮሎኑ የውጭ ሽፋን ይረግፋል። ያኔ 90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈው ጫፍ ይከፈታል። ቋሚው ፌሮ የሚይዘው ሲያጣ ወደ ውጭ ይጎብጣል። ውስጥ ያለው ኮንክሪት ይፈረካከሳል። ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ነው። ዓመታት ሙሉ የቆመው ህንጻ ስለዚያች ሰከንድ ምንም የመሰከረው ነገር የለም፤ ተፈትኖ አያውቅማ።

ሀዋሳ ደግሞ የት እንደተቀመጠች አትርሱ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። ሐይቁም ከተማውም ያሉት በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ ምክንያት በተደረመሰ ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ነው። ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. መሬት ሲንቀጠቀጥ ብዙዎቻችሁ ልጆች ነበራችሁ። በኋላ ያጠኑት ባለሙያዎች መጠኑን 4.3 አካባቢ ነው ያደረጉት። በመሬት መንቀጥቀጥ ሚዛን ይህ ትንሽ የሚባል ነው። ሆኖም 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ተሰማ፤ ከተማው ውስጥም ህንጻዎች ላይ ጉዳት አደረሰ። በ1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋው ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው ግን የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ በኩል በተደጋጋሚ የተነሳው አዲስ አበባ ድረስ ሰውን ከቤቱ አስወጥቷል። የአገራችን የህንጻ ኮድ ለዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ክፍል የመደበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ያኔ በጥር ወር ብዙ ሰው ስንጥቅ እይልን እያለ ጠርቶኛል። ሁሉም የሚነግረኝ ስለ መንቀጥቀጡ ቀን ነበር። መብራቱ እንዴት እንደተወዛወዘ፣ ሰዉ እንዴት እንደሮጠ። ስለዚያ ግድግዳ አሠራር፣ ብሎኬቱ ከኮሎኑ ጋር በምን እንደተያያዘ ግን የሚያነሳ አልነበረም። ሰው ሲባል የሚያስታውሰው የመጨረሻውን እጅ ነው። ጄንጋም ላይ ሲወድቅ የምንጮኸው በመጨረሻው ልጅ ላይ ነው። ጨዋታ ስለሆነ ጥሩ ነው፤ ያስቃል። ሥራ ላይ ግን ይህ ልማድ ብዙ ሰው ጎድቷል።

መሃንዲስ ያልሆናችሁት ይህ እኛን አይመለከትም እንዳትሉ። አንዲት ልጅ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ንብረት ክፍል ትመደባለች እንበል። አንድ ቀን አለቃዋ ይመጣል። «ዕቃው መንገድ ላይ ነው። ነገ ይገባል። ለአቅራቢው ክፍያ እንዳይዘገይበት ሞዴል 19 ቁረጪለት» ይላታል። ሞዴል 19 ዕቃው ገቢ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ነው። ዕቃውን አላየችም። ግን ከእሷ በፊት የነበረውም እንዲህ ያደርግ ነበር አሉ። ትቆርጣለች። በማግሥቱ ዕቃው ይገባል። ምንም አልሆነም። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም እንዲሁ። እያንዳንዱ ሰላም ያለፈ ቀን እሷን ያደፋፍራታል። አንድ ቀን ዕቃው አይገባም። ወይም ጎድሎ ይገባል። ያኔ ወረቀቱ ላይ ያለው የእሷ ስም ነው። ከእሷ በፊት እንዲህ ሲያደርጉ የኖሩት ተዛውረዋል፣ ጡረታ ወጥተዋል፤ አለቃውም ያዘዛት በቃል ነው።

ሌሊቱን በጫት እየገፋ ፈተና የሚያጠናው ልጅም እዚህ ውስጥ አለ። ብድር በብድር እየከፈለ ንግዱ አደገ የሚለውም አለ። እነሱን በዝርዝር አላነሳም። ራሳችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ምናልባት ጓደኞቻችሁ ናቸው።

ሁሉን ነገር ፍሩ እያልኳችሁ ግን አይደለም። ፈርቶ አንድም እንጨት የማይነካ ሰው አይጫወትም። እኔ ራሴ ሳይት ላይ «አያስፈልግም፣ አውጡት» ያልኩት ነገር ብዙ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ምንም ያልተሸከመ ሥርዓት አለ። ሦስት ሰው የሚፈርምበትን አንድ ሰው ሊፈርምበት የሚችል ወረቀት አለ። ወጣት ሲመጣ እንዲህ ያለውን ያያል፤ ማየቱም ጥሩ ነው። ለውጥ የሚመጣው ከእናንተ ነው። እኔ የምለምናችሁ ከመጎተታችሁ በፊት በጣታችሁ እንድትነኩ ነው። አንድ ነገር ከንቱ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ማን እንዳስቀመጠው ጠይቁ። ለምን እንዳስቀመጠውም ጠይቁ። ሳይት ላይ ከሆናችሁ ለሽማግሌው ግንበኛ ጊዜ ስጡት። ዲግሪ የለውም፤ ያ ግድግዳ ባለፈው ክረምት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ጠይቃችሁ መልስ የሚሰጥ ካጣችሁ ቆዩ። መልስ ማጣት ማለት ነገሩ ልቅ ነው ማለት አይደለም። መልሱን የሚያውቀው ሰው ሥራውን ለቆ ሊሆን ይችላል።

«እስካሁን ምን ሆነ?» የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ደግሞ አትጣሉት። አብዛኛው ሰው ክፉ አይደለም፤ ያልወደቀ ነገር አታልሎት ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱለት። «ይሄ ነገር የተቀመጠው ለየትኛው ቀን ነው? ያ ቀን መጥቶ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ስብሰባ ላይ ይህን ስጠይቅ ክፍሉ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። አንዳንዴም አንድ ሰው ተነስቶ «እውነትህን ነው፣ እንየው» ይላል። ለዚያ ሰው ስል ነው መጠየቅ ያላቆምኩት።

አዲስ ቦታ ስትገቡ ደግሞ ማማው በጨዋታው መሃል እጃችሁ እንደገባ እወቁ። ከእናንተ በፊት ስንት እጅ ገብቶበታል። ስለዚህ ርክክብ ሳታደርጉ ሥራ አትጀምሩ። ቁልፍ ሲሰጧችሁ የሚከፍተውን ክፍል ገብታችሁ ቁጠሩ። የጎደለውን ጻፉ። ያስረከበው ይፈርም፣ የተረከባችሁት ፈርሙ፤ አንድ ኮፒ ቤታችሁ አስቀምጡ። «አታምኑንም ወይ?» የሚል ይኖራል። በትሕትና መልሱለት፤ ግን ቁጠሩ። ሳይት ለምትገቡት ደግሞ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ፌሮውን ፎቶ አንሱት። ሜትር አስጠግታችሁ አንሱት፤ የስታፋው ርቀት ይታይ። ከየትኛው አክሲስ (የፕላኑ መስመር) እንደሆነ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ በሳይት መዝገቡ ላይ ከቀኑ ጋር ጻፉት። ፎርማኑንም ጠርታችሁ አሳዩትና አስፈርሙት።