ጨረታው ሲሞቅ የተጠራ ብር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ዘጌ ነው፤ የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ ብለን በንግሥ ዕለት አንድ ጥላ ለጨረታ አቀረብን። አበልጄ 15,000 ብር ጠርቶ አሸነፈ፤ እልል ተባለ። ይኸው ሦስት ወር ሆነው፣ ብሩ የለም። ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ ለእኔ እንግዳ አይደለም። እዚሁ ባሕር ዳር በአንዲት ድፎ ዳቦ ከአማቼ ጋር እልህ ተጋብቼ የወር ደመወዜን ጠርቻለሁ። አጫራቹ ማይኩን ይዞ «አንደኛ፣ ሁለተኛ…» ሲል ሰው አቅሙን ይረሳል። ባለቤቴ ጋቢዬን ብትጎትት ብትጎትት አልሰማኋትም። ከፍዬ የጨረስኩት በሦስት ጊዜ ነው።

ሰውዬው ካደ ብለህ አትነሳ፤ አፍሮ ነው። በዐውደ ምሕረት ስሙን እንዳታስጠራ! የንስሐ አባቱን ይዘህ ቤቱ ሂድ። ቡና ይፈላል፤ መቼም ዘጌ ያለ ቡና ወሬ አይጀመርም። «መቼ ትከፍላለህ» ሳይሆን «በስንት ጊዜ ይሻልሃል» በለው። የእናንተ አገር እንደ ሌላው በሬ ተጠምዶ አይታረስ፤ ብሩ ያለው ቡናው ላይ ነው። እስከ ለቀማ ቀን ስጡት። 500 ብርም ቢያመጣ ግን ደረሰኝ ቁረጥለት። ስምምነቱን ሰበካ ጉባኤው ይወቀው፤ ነገ ተጠያቂው አንተ ነህ።

ጥላውን ለቤተ ክርስቲያኑ መልሶ ሰጥቶ ከሆነ፣ እዚያው ይሁን። ደግማችሁ እንዳታጫርቱት፣ ነውር ነው።