ክረምት ለውሃ፣ በጋ ለነፋስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«ምድር ድሮም ስትሞቅና ስትቀዘቅዝ ኖራለች፤ የአሁኑም የፀሐይ ወይም የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው» የሚሉ አንባቢ ስድስት ገጽ ልከዋል።

እሳተ ገሞራዎች በሙሉ በዓመት የሚተፉት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰው ከሚለቀው አንድ በመቶ አይሞላም። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ደግሞ የላይኛው አየር፣ ስትራቶስፌር፣ አብሮ ይሞቅ ነበር። የተለካው ግን ከታች መሞቅ፣ ከላይ መቀዝቀዝ ነው። እዚህ ላይ ክርክሩ ካበቃ ቆይቷል፤ የሚያከራክረው ቀጥሎ ያለው ነው።

«ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት እያለው በነፋስና በከርሰ ምድር እንፋሎት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይባላል?»

ሜጋ ዋት አቅም ነው፤ ምርቱ ሌላ ነው። ተርባይኖቹ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ አቅማቸው ቢዞሩ 45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት ያህል ይወጣ ነበር። በአማካይ የታቀደው ግን 15,700 ገደማ ነው፤ ዓባይ የሚያመጣው ውሃ የሚፈቅደው ይህንኑ ነው። ከመብራታችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ስለሚመጣና ትልልቆቹ ግድቦች የሚሞሉት በአብዛኛው በአንድ ክረምት ዝናብ ስለሆነ፣ እንደ 2015 (እ.ኤ.አ.) ያለ የኤልኒኖ ዓመት (የውቅያኖስ ሙቀት ዝናባችንን የሚያሳንስበት) ሲመጣ አንዱ ሌላውን አይደጉምም።

ነፋሱ ደግሞ በአብዛኛው የሚበረታው በበጋ፣ ወንዞች ሲሳሱ ነው። የአሸጎዳ (120 ሜጋ ዋት) እና የአዳማ የነፋስ ተርባይኖች ሲዞሩ የግድቡ ተርባይን ይቀንሳል፤ ውሃው ሐይቁ ውስጥ ይቆይና ከማታ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ አገር ሁሉ መብራትና ምድጃ ሲያበራ ይለቀቃል። ግድብ ጎተራ ነው፤ ነፋስ ጎተራው ቶሎ እንዳይራቆት ያደርጋል። የሶላር ጣቢያም እንዲሁ፤ በሐምሌ ደመና ቢደክምም በበጋ ያካክሳል። እንፋሎት ዝናብም ነፋስም አይጠብቅም፤ ግን ጉድጓድ ቆፍሮ ባዶ እጅ መቅረት አለ፣ ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣው ማዕድንም ቧንቧ ይደፍናል። 7.3 ሜጋ ዋቱ የአሉቶ ላንጋኖ ጣቢያ ራሱ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ያውቃል። ቅደም ተከተል ካሉኝ፦ በቅድሚያ ነፋስ፣ ቀጥሎ ሶላር፣ እንፋሎት በትዕግሥት። «ስንት ሜጋ ዋት?» ከማለት «በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት?» ማለት ይሻላል።

«ኒውክሌርስ?»

አንድ ትልቅ ሪአክተር 1,000 ሜጋ ዋት አካባቢ ነው። ድንገት ሲቆም የቀረው ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ካልሸፈነለት አገሩ በሙሉ ይጨልማል። ስለዚህ አንድ ማመንጫ ከጠቅላላው ፍላጎት አንድ አሥረኛ ባይበልጥ ይመረጣል። ፍላጎታችን እዚያ፣ 10,000 ሜጋ ዋት አካባቢ፣ እስኪደርስ የኤሌክትሪክ መስመሩን እናጠናክር።

«የኤሌክትሪክ መኪና መብራት ሲጠፋ ምን ይውጠዋል?»

የነዳጅ ማደያው ፓምፕም በመብራት ነው የሚሠራው።

«ምጣዴን በሶላር ልጋግርበት?»

አይመከርም። 3,500 ዋት ምጣድ በአንድ ሰዓት ተኩል ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ በደህና የሚሰጠው ግማሹን፣ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ለአንድ ጋገራ አምስት ባትሪና 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር መሆኑ ነው። ለአምፖል፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን ግን ሶላር ግሩም ነው፤ ልኩን ሻጩ ያሰላልዎታል።

«ምጣድ ስንሰካ ብሬከሩ ይወድቃል። ጎረቤት ባለ 32 ቀይሩበት ብሎናል።»

እንዳታደርጉት! 3,500 ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ነው፤ በዚህ ላይ ፍሪጅና ካውያ በዚያው መስመር ካሉ ብሬከሩ መውደቁ ሥራውን መሥራቱ ነው። በ32 ከቀየራችሁት ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ግድግዳ ውስጥ ያለው 1.5 ሚሊ ሽቦ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሶኬቱ ጠቁሮ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸትቶ ከሆነ ዛሬውኑ መጋገር ይቁም። የሚያስፈልገው ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው የሚወጣ 4 ሚሊ የመዳብ መስመር፣ ባለ 20 ብሬከርና የመሬት ሽቦ ነው። የመሬት ሽቦው አይታለፍ፤ ሊጥ የነካው እርጥብ እጅ የምጣዱን ብረት ይነካል። ይህንን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ «የሠፈራችን ልጅ ይችላል» የሚለውን አልቀበልም።